የ«ያመኛል» ባለቤት ማን ነው?

አማርኛ ሕመምን የሚናገርበት መንገድ፣ በዕለት ከዕለት አነጋገር ስለተለመደ ብቻ ልብ የማይባል፣ አንድ ድንቅ ነገር አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ራስ ምታት «አለኝ» ይላል፤ ቤት አለኝ፣ ገንዘብ አለኝ እንደሚል ሁሉ ሕመሙን ከንብረቱ ጋር ይቈጥረዋል። ስዋሂሊ ተናጋሪው «ኪችዋ ኪናኒኡማ» ሲል ራሱን ከሳሽ፣ ጭንቅላቱን ተከሳሽ ያደርጋል፤ ግሡ መንከስም ማመምም ማለት በመሆኑ፣ ጭንቅላቴ ይነክሰኛል እንደማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪው ግን «ራሴን ያመኛል» ይላል። እዚህ ላይ ራስ ተሳቢ ነው፤ ታማሚውም ተሳቢ ነው፤ የግሡ ባለቤት ግን አይታወቅም። ያልተጠራ አንድ «እሱ» ከወዲያ መጥቶ ራስን ይፈልጣል፣ ጎንን ይወጋል፣ ሆድን ይቆርጣል፣ ጉልበትን ይቆረጥማል። እንጨት ፈላጭና ጦረኛ የሚሠሩትን ሥራ ሁሉ ይሠራል፤ ስሙ ግን አይነገርም።

ለአንድ ቀን ራስ ምታት ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ነው። አንድ እንክብል ተውጦ ወይም አንድ ሌሊት ተተኝቶ ያ ስሙ ያልተጠራው እንግዳ በመጣበት ይመለሳል፤ ማን እንደነበር የሚጠይቅም የለም። ችግሩ የሚጀምረው እንግዳው አልሄድ ሲል ነው። ሐኪሞች ከሦስት ወር በላይ የዘለቀን ወይም እየተመላለሰ የሚያሠቃይን ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛ የበሽታዎች መዝገብም የራሱን ስፍራ ሰጥቶታል። በዚህ ጊዜ የሰዋስው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ይሆናል። ታማሚው «ይህን የሚያደርግብኝ ማን ነው? ለምንስ በእኔ ላይ?» ይላል። በዙሪያው ያሉት ደግሞ፣ አፍ አውጥተው ባይናገሩትም፣ «በእርግጥ ያመዋልን?» ይላሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ሲያዩዋቸው የሕክምና ይመስላሉ፤ ግማሽ ጎናቸው ግን የግብረ ገብ ነው።

ነገሩን በአንዲት ሴት ማየት ይቻላል። በአዲስ አበባ ልትኖር ትችላለች፣ በናይሮቢ ወይም በጁባም ልትኖር ትችላለች፤ ብዙ ሰፈር እንዲህ ያለች ሴት አያጣም። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ እንጀራ ጋግራ ለሱቅና ለምግብ ቤት በማስረከብ ሦስት ልጆች ያሳደገች ናት። አንድ ማለዳ የሊጥ ባልዲ ስታነሣ ወገቧ ቀጭ አለ። ሁለት ሳምንት ተኛች፤ ተሻላት፤ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። ሕመሙም አብሯት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ሆነው። ራጅ ተነሣች፤ ብድር ተበድራ ኤም አር አይም ታየች። ሐኪሙ ፊልሙን በብርሃን ላይ ሰቅሎ ካየ በኋላ በደስታ «እናቴ፣ ምንም የለብዎትም» አላት።

«የለብዎትም» በአማርኛ ዕዳ ለሌለበት ሰው የሚባል ቃል ነው። ለእሷ ግን ያ ቃል ራሱ ዕዳ ሆነባት። ባሏ ለዘመድ አዝማዱ «ምንም የለባትም ተብላለች» ብሎ አወራ። እንጀራ የምታደርስላት የጎረቤት ልጅ፣ በክፋት ሳይሆን በየዋህነት፣ «እትዬ፣ ትናንት ሠርጉ ላይ ሲስቁ አይቼዎት ደስ አለኝ፤ ተሻለዎት ማለት ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሠርግ ቤት ስትሄድ ላለመሳቅ መጠንቀቅ ጀመረች። ሕመሟ እውነት መሆኑን ለማስረዳት ደስታዋን መደበቅ ግድ ሆነባት። ይህ ከወገብ ሕመሙ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ሌላ ሥቃይ ነው፤ ምንጩም በሰውና በሰው መካከል ያለ አለመተማመን እንጂ ዲስክ አይደለም።

ገመዱና ደወሉ

የሐኪሙም የባልየውም ስሕተት ከአንድ አሮጌ ሥዕል የመነጨ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1662 በታተመ መጽሐፉ ውስጥ፣ እግሩን ወደ እሳት ያስጠጋ ሰው ተሥሏል። እሳቱ እግሩን ሲነካው ከእግር እስከ አንጎል የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ይሳባል፤ አንዱን ጫፍ ሲስቡት ሌላው ጫፍ ላይ ያለው ደወል እንደሚደወል፣ አንጎል ውስጥም ሕመም ይሰማል። ሐሳቡ ለዘመኑ ታላቅ ነበር። ነገር ግን አንድ አደገኛ መደምደሚያ አስከትሎ መጣ፤ እሳት ከሌለ ደወል የለም፣ ቁስል ካልተገኘ ሕመሙ የውሸት ነው የሚል።

እውነታው ከዚህ ሥዕል ጋር ለረጅም ጊዜ ሲጣላ ኖሯል። እጅ ወይም እግር የተቆረጠበት ሰው በሌለው ጣቱ ላይ ሲታመም ይገኛል፤ እዚህ ላይ ገመዱ ተበጥሶም ደወሉ ይደወላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ያገለገለው አሜሪካዊ ሐኪም ሄንሪ ቢቸር ደግሞ ተቃራኒውን አየ። ክፉኛ ከቆሰሉት ወታደሮች ብዙዎቹ፣ ሙሉ ንቃታቸውን ሳያጡ፣ ማስታገሻ አንፈልግም ይሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1946 ጻፈ። ለወታደሩ ቁስሉ ከጦር ሜዳ መውጫ በር ነበር፤ ተመሳሳይ ቁስል ለሲቪሉ ሰው ግን የመከራው መጀመሪያ ነው። እሳቱ አንድ ሆኖ ደወሉ ተለያየ።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ለማስረዳት ሞከሩ። በኅብለ ሠረሠር ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ አንድ በር እንዳለ፣ ከአካል የሚመጣው መልእክት በዚያ በር ሲያልፍ እንደሚጎላ ወይም እንደሚደበዝዝ፣ አንጎልም ከላይ ሆኖ በሩን እንደሚያዝ ሐሳብ አቀረቡ። የሐሳቡ ዝርዝር በኋላ ብዙ ቢታረምም ዋናው ነገር ጸንቷል፤ የነርቭ ሥርዓት መልእክቱን ይመዝናል እንጂ እንደ ገመድ ዝም ብሎ አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ክሊፎርድ ዎልፍ አካል ሲጎዳ በኅብለ ሠረሠር ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ራሳቸው ከመጠን በላይ ንቁ እንደሚሆኑ አሳየ። ሌባ አንድ ጊዜ የገባበት ቤት ውሻ ከዚያ በኋላ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር እንደሚጮኸው፣ የተጎዳ ነርቭም ንክኪን ሁሉ እንደ ጥቃት መቍጠር ይለምዳል። አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሰው ይህን ያውቃል፤ በተለይ በሽምግልና ዘመን፣ ሽፍታው ደርቆ ከጠፋ ከወራት በኋላም የልብስ ንክኪ እንደ እሳት ሊያቃጥል ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች የሕመምን መንስኤ በሦስት ወገን ይከፍሉታል። አንደኛው የአካል ጉዳት ነው፤ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ስብራት፣ ካንሰር የሚያመጡት ሕመም እዚህ ይመደባል። ሁለተኛው የነርቭ የራሱ ጉዳት ነው፤ ለብዙ ዓመት የቆየ የስኳር በሽታ በእግር ላይ የሚያመጣው ማቃጠልና መደንዘዝ ምሳሌው ነው። ሦስተኛው ጉዳቱ ሳይገኝ፣ ወይም ከዳነ በኋላ፣ የማስጠንቀቂያው ሥርዓት ራሱ ሲዛባ የሚመጣው ነው። ይህን ሦስተኛ ወገን ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በስም የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡም ይችላሉ።

ፊልም ሕመምን አያሳይም የሚለው ነገር በቍጥርም ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ክለሳ፣ ምንም የጀርባ ሕመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል መርምሮ፣ በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 ከመቶ፣ በ80 ዓመት ዕድሜ ካሉት 96 ከመቶ የሚሆኑት ዲስካቸው ማርጀቱን አገኘ። እንግዲህ ዲስኩ ያረጀው ላይታመም ይችላል፤ ዲስኩ ደህና የሆነውም ሊታመም ይችላል። ፊልሙ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ዳኛ ግን አይደለም። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ፍቺ ሲያሻሽል ሕመም ምንጊዜም የግል ልምድ መሆኑን፣ ታመምኩ የሚል ሰውም ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ አብሮ ማስፈሩ ከዚህ የተነሣ ነው። በሳይንስ ሰነድ ውስጥ «ሊከበር ይገባል» የሚል ቃል መገኘቱ ራሱ፣ ጉዳዩ የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የምግባርም እንደሆነ ይናገራል።

የኢዮብ ወዳጆች

መንስኤውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ተመሳሳይ ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች ለምን አንዱ ድኖ ሌላው በሕመሙ ውስጥ እንደሚቀር ማወቅ ሌላ ነው። ክብሪት ሁሉ ቃጠሎ አያስነሣም፤ ሣሩ ደረቅ መሆን አለበት። ሐኪሞች አጋላጭ ሁኔታዎች የሚሏቸው የሣሩን ድርቀት ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ማንም የማይመርጣቸው ናቸው። ዕድሜ፣ የዘር ውርስ፣ ፆታ ከዚህ ወገን ናቸው፤ ለምሳሌ ማይግሬን ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። በልጅነት የደረሰ መከራና ጥቃት፣ ቀደም ሲል የደረሰ ጉዳት ወይም ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ። ሌሎቹ በኑሮ ውስጥ ያሉ ናቸው። ከባድ ሸክም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርትና ጭንቀት፣ ድህነት፣ ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ሰውነትን አለማንቀሳቀስ። እነዚህም በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄዱም፤ እንቅልፍ ማጣት ሕመምን ያብሳል፣ ሕመምም እንቅልፍ ይነሣል፤ ድብርት ለሕመም ያጋልጣል፣ ሕመምም ለድብርት።

ይህ ዕውቀት ጠቃሚ ነው። ነገር ግን በሰው እጅ ሲገባ በፍጥነት ወደ ክስ ይለወጣል። መጽሐፈ ኢዮብን የሚያውቅ አንባቢ የሦስቱን ወዳጆች ነገር ያስታውሳል። መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በዝምታ በመሬት ተቀመጡ፤ እስከዚያ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ። ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው ምክንያቱን ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። ሥቃይ ያለ በደል አይመጣምና በደልህን ፈልግ አሉት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ዓለም ያለ ሥርዓት እንዳይሆንባቸው የፈሩ ሰዎች ነበሩ። የወዳጃቸው ሥቃይ ምክንያት ካለው፣ ያም ምክንያት የእሱ ጥፋት ከሆነ፣ እነሱ ጥፋት እስካልሠሩ ድረስ ሥቃዩ አይደርስባቸውም።

የዛሬዎቹ የኢዮብ ወዳጆች ቋንቋቸው ተለውጧል። ትናንት «ምች ነው፤ ላብሽ ሳይደርቅ ወጥተሽ ነው»፣ «የሰው ዓይን ነው»፣ «እርግማን ይኖርብሽ ይሆናል» ይባል ነበር። ዛሬ ደግሞ «ውፍረትሽ ነው»፣ «ስፖርት ስለማትሠሪ ነው»፣ «ስለምትጨነቂ ነው» ይባላል። ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ ለሳይንስ የቀረበ ነው፤ ለታማሚዋ ጆሮ ግን ሁለቱም አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ጥፋቱ የአንቺ ነው። አጋላጭ ሁኔታ የሚባለው ነገር በሺህ በሚቈጠሩ ሰዎች መካከል የሚታይ ዝንባሌ እንጂ በአንድ ሰው ላይ የሚፈረድ ፍርድ እንዳልሆነ ይዘነጋል። ከሚያጨሱት ብዙዎቹ ወገባቸውን አያማቸውም፤ ወገባቸውን ከሚያማቸውም ብዙዎቹ አጭሰው አያውቁም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። መንስኤን መናገር ሁሉ ክስ ከሆነ ሐኪም ምን ሊመክር ነው? ሰውነትን ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ ለብዙው የወገብ ሕመም ከአልጋ ይልቅ እንደሚጠቅም የታወቀ ነው። ይህን ለታማሚው አለመናገር ርኅራኄ ሳይሆን መተው ነው። ደግሞስ ሕመምን ለሥራ ፈቃድ ወይም ለካሣ ሲል የሚያስመስል ሰው የለምን? አለ። ያመነ ሁሉ አንዳንድ ጊዜ መታለሉ አይቀርም።

ተቃውሞው መልስ ይገባዋል። የመጀመሪያው መልስ ምክንያት ሁለት አቅጣጫ ያለው መሆኑ ነው። «ለምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ሲመለከት ወንጀለኛ ይፈልጋል፤ ወደ ፊት ሲመለከት ግን መውጫ መንገድ ይፈልጋል። «እንቅልፍዎን እንዴት እናስተካክል?» የሚል ሐኪምና «ጭንቀት ነው እንጂ ሌላ አይደለም» የሚል ሐኪም ስለ አንድ እውነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ አንደኛው በር ይከፍታል፣ ሁለተኛው ይዘጋል። ሁለተኛው መልስ የሁለቱ ስሕተቶች ክብደት እኩል አለመሆኑ ነው። አስመሳይን ያመነ ሰው ጥቂት ጊዜና ጥቂት ገንዘብ ይከስራል። በእውነት የሚታመመውን ያላመነ ግን ሰውዬውን ከሥቃዩ ጋር ብቻውን ይቈልፍበታል፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ደግሞ፣ ተናግሮ ያልታመነ ሰው ኋላ መደበቅን እንደሚመርጥ አይነግረንም።

ሦስተኛው መልስ፣ ማመን ማለት የተጠየቀውን ሁሉ መስጠት ማለት አለመሆኑ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከኦፒየም ወገን የሆኑ ብርቱ ማስታገሻዎች ሥር ለሰደደ ሕመም ሁሉ በገፍ ሲታዘዙ የተከተለው ሱስና ሞት ለዚህ ምስክር ነው። የተገላቢጦሹ በደልም አለ። በአፍሪካ ብዙ የካንሰር ሕሙማን ሞርፊን ሳያገኙ በሥቃይ ሞተዋል፤ መድኃኒቱ ውድ ሆኖ ሳይሆን ፍርሃትና ደንብ አጥሮት። ሁለቱን በደሎች አይታ ሦስተኛ መንገድ የሞከረች አገር ኡጋንዳ ናት። ሐኪሟ አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 በካምፓላ ባቋቋሙት ሆስፒስ አማካይነት በፈሳሽ መልክ የሚዘጋጅ ርካሽ ሞርፊን ለሕሙማን መድረስ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች እንዲያዙት ሕጉ ፈቀደ። ይህ መንገድ በጽኑ ለታመሙት የታሰበ እንጂ ለወገብ ሕመም የሚሆን አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው። የሌላውን ሕመም ማመን ትዕግሥት፣ ዕውቀትና ሥርዓት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ስሙ ያልተጠራው ባለቤት

የግሡን ባለቤት ፍለጋ ወደ ታማሚዋ ጓዳ ብቻ መሄዱ ሌላም ስሕተት አለበት። ባለቤቱ አንዳንድ ጊዜ ከቤት ውጭ ነው። ከእንጦጦ ተራራ ማገዶ ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ የኖሩ ሴቶች ጀርባቸው የጎበጠው ስለ አቀማመጥ ምክር ባለመስማታቸው አይደለም። ከተማው ማገዶ ይፈልግ ስለነበረና ያንን ማገዶ ከእነሱ ጀርባ ይልቅ በርካሽ የሚያደርስለት ስላልነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ስታቩዲን የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የወሰዱ ብዙ አፍሪካውያንም፣ ሕይወታቸው ተርፎ፣ በእግራቸው ነርቭ ላይ የሚያቃጥል ሕመም ቀርቶባቸዋል። መድኃኒቱ ይሰጥ የነበረው ርካሽ ስለነበረ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ። እዚህ ላይ አጋላጩ ሁኔታ ዋጋ ነው። «አጋላጭ» የሚለው ቃል ራሱ ከግሥ የወጣ ነውና፣ ያጋለጠው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወደ እንጀራ ጋጋሪዋ ሲመለሱ ነገሩ ይጠራል። ሊጡን ማንሣት፣ ምጣዱ ፊት ጎንበስ ቀና ማለት፣ ሌሊት ተነሥቶ እሳት ማቀጣጠል፣ ብድርና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከዚያም የሚነሣው እንቅልፍ፣ ከዚያም የባልዋ ጥርጣሬ፤ ሁሉም በየድርሻቸው የዚያ ግሥ ባለቤቶች ናቸው። አንድ ስም ስለጠፋ አይደለም አማርኛ ባለቤቱን ያልጠራው፤ ብዙ ስለሆኑ ይሆናል። የሚረዳትም አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ቀስ በቀስ የሚጨምር እንቅስቃሴ፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ምጣድ፣ ባልዲውን በሁለት ማካፈል፣ ሸክሙን የሚጋራ የልጅ እጅ፣ የሚያዳምጣት ሐኪም። ሕመሙ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ ሊቀንስና ሕይወቷ ሊሰፋ ግን ይችላል። ሐኪምም ቤተ ሰብም ይህን ልክ አውቀው ቢናገሩ፣ «ምንም የለብዎትም» ከሚለው የሐሰት ብሥራት ይሻላል።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ አንድ አጭር ቃል አለው። ሕፃን ሲወድቅ፣ አላፊ አግዳሚ እንቅፋት ሲመታው፣ ያየ ሰው ሳያስብ «እኔን!» ይላል። ይህም ቃል ባለቤት የሌለው ተሳቢ ነው፤ ግሡ እንኳ ተውጧል። «እኔን ይምታኝ፣ እኔን ያግኘኝ» ማለት ነው። «ያመኛል» የሚል ሰው በተሳቢነት በተቀመጠበት ስፍራ፣ «እኔን» የሚል ሰው ከጎኑ በተሳቢነት ይቀመጥለታል። «ማን መታህ? ለምን ሳታይ ሄድክ?» አይልም፤ ያ ጥያቄ ኋላ ይመጣል።

ቃሉ ግን ደም ሲያይ ይፈጥናል፤ ደም በሌለበት ይዘገያል። ለእንቅፋቱ የተባለው «እኔን!» በሦስተኛ ዓመቱ ላይ ለሚገኝ የወገብ ሕመም አይባልም፤ ሕመሙ ስለቀለለ ሳይሆን ተመልካቹ ስለሰለቸ። ለዚያች ሴት ባሏ አንድ ማታ ሊጡን ራሱ አንሥቶ ምጣዱ አጠገብ ሲያስቀምጥላት፣ ምክንያቱን ባያውቀውም፣ «እኔን» ብሏታል። ምክንያቱን ከሐኪሙ ጋር ሆነው ነገ ይፈልጉታል።